ከቦስፎረስ እስከ ኤዲርኔ፦ ሰባት ቀን በኦቶማኖች ኬላ ላይ

ትምህርት ቤት የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው። ቱርኮች (ኦቶማኖች) በ1453 ቁስጥንጥንያን፣ የዛሬዋን ኢስታንቡልን፣ ያዙ፣ የቅመሙን መንገድ ዘጉ፣ አውሮፓውያንም ሌላ መንገድ ፍለጋ ባሕር ገቡ። ይህ የሰባት ቀን ጉዞ ያንን አባባል ቦታው ድረስ ይዞ ሄዶ ይፈትናል። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከመነሣት በፊት ሁለት ነገር። ቱርክና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ እነሱ ግን ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥሩ ትኬት ላይ 9፡00 የሚለው የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እዚህ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ሁለተኛው፣ ጉዞው ረቡዕ ቢጀመር ይመረጣል። ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ፣ ትልቁ ገበያ እሑድ፣ የባሕር ኃይል ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ናቸው። ሐሙስ ወይም እሑድ የጀመረ ሰው ከሦስቱ ቢያንስ በአንዱ ደጃፍ ቆሞ ይመለሳል።

1ኛ ቀን፣ ረቡዕ፦ ሩሜሊ ሂሳሪ

ኢስታንቡል ውስጥ ካለው ካባታሽ ማቆሚያ በ22 ወይም በ25ኢ አውቶቡስ የባሕሩን ዳር ይዛችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ። ጠዋት ከሆነ ጥሩ ነው። ከቀትር በኋላ፣ ይልቁንም በዕረፍት ቀን፣ ይህ ጠባብ መንገድ ስለሚጨናነቅ በእግር የሚሄድ አውቶቡሱን ይቀድማል።

ምሽጉ የተሠራው በ1452 ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ፣ በአራት ወር ገደማ ነው። ሱልጣን ዳግማዊ መህመድ ሦስቱን ትልልቅ ግንቦች ለሦስት ሹማምንቱ አከፋፈላቸው፦ ለሐሊል ፓሻ፣ ለዛጋኖስ ፓሻና ለሳሩጃ ፓሻ። ግንቦቹ ዛሬም የሚጠሩት በእነሱ ስም ነው። ፍጥነቱ የመጣውም ከዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ በጌታው ፊት ከጓደኛው እንዳያንስ ሲሽቀዳደም ነበር።

ብዙ ጎብኚ በቀጥታ ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ግን ውኃው ዳር ቁሙ። የባሕሩ ወሽመጥ እዚህ ላይ 700 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ማዶ የሚታየውን ትንሹን ምሽግ፣ አናዶሉ ሂሳሪን፣ የመህመድ ቅድመ አያት ቀዳማዊ ባየዚድ ቀደም ብሎ ሠርቶታል። መድፎቹ የተጠመዱት ከግንቡ አናት ሳይሆን ከታች በውኃው ልክ ነበር። የድንጋይ ጥይቱ ውኃውን እየላሰ ሄዶ የመርከቧን ጎን እንዲመታ ነው፤ ከላይ የተተኮሰ ቢስት ባሕር ይገባል፣ ዝቅ ብሎ የተተኮሰ ግን ቢያጥርም ነጥሮ ይደርሳል። ቱርኮች ምሽጉን ቦአዝኬሰን አሉት። ቦአዝ ጉሮሮም ነው፣ ወሽመጥም ነው፤ ኬሰን ቆራጭ።

ሕጉ ቀላል ነበር፦ ቁም፣ ተፈተሽ፣ ቀረጥ ክፈል፣ እለፍ። በኅዳር 1452 አንድ የቬኒስ መርከብ አልቆምም ብሎ ሰጠመ፣ ካፒቴኑም ተገደለ። እንግዲህ ይህ በትክክለኛ ስሙ ኬላ ነው። መንገዱን ቢዘጉት ኖሮ ከማን ይቀርጡ ነበር? እውነት ለመናገር ግን እየቆየ የተዘጋ ነገር አለ፣ እሱም ጥቁር ባሕር ነው። ኦቶማኖች በ1475 ክራይሚያ ላይ ያለችውን የጄኖዋዎችን (የጣልያን ነጋዴዎችን) ወደብ ካፋን ከያዙ በኋላ ያ ባሕር ቀስ በቀስ የራሳቸው ጓዳ ሆነ። ከዚያ የሚመጣው ግን እህል፣ ዓሣ፣ ቆዳና ባሪያ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ አይደለም።

የምሽጉ ደረጃዎች ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ብዙ ቦታ መደገፊያ የላቸውም፣ ከዝናብ በኋላም ያንሸራትታሉ። ሶሉ ያለቀ ጫማ አድርጋችሁ አትውጡ።

2ኛ ቀን፣ ሐሙስ፦ ቅጥሩ

ቲ1 የሚባለው ትራም ቶፕካፒ የሚል ማቆሚያ አለው። ቤተ መንግሥቱ ግን እዚያ አይደለም። በየቀኑ ሰው በስሙ ተሳስቶ እዚያ ይወርዳል፤ ቤተ መንግሥቱ ያለው በሌላው የከተማ ጫፍ፣ ከሱልጣናህሜት ወይም ከጉልሃኔ ማቆሚያ አጠገብ ነው። ቶፕካፒ ማለት የመድፍ በር ማለት ስለሆነ ከተማይቱ ከአንድ በላይ ነበራት። ለዛሬው ጉዞ ግን ትክክለኛው ማቆሚያ ይኸው ነው።

የቴዎዶስዮስ ቅጥር ከማርማራ ባሕር እስከ ወርቃማው ቀንድ፣ ከተማይቱን እስከሚሰነጥቀው የባሕር ክንድ፣ 6.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሁሉን ልራመድ የሚል ሰው ግማሹ ላይ ይሰለቻል፤ ከቶፕካፒ በር እስከ ኤዲርኔ በር ያለው ክፍል ይበቃል። ከውጭ ስትመጡ መጀመሪያ 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ፣ ቀጥሎ ዝቅተኛው የውጭ ግንብ፣ ከዚያ 12 ሜትር የሚደርሰው የውስጥ ግንብ ነው የሚገጥማችሁ። መሐል ላይ መሬቱ ዝቅ ይልና ትልቁ አውራ ጎዳና ያልፍበታል። ዱሮ ወንዝ የሚወርድበት ይህ ረባዳ ቦታ የቅጥሩ ደካማ ጎን ነበር፤ ከበባውም የከፋው እዚህ ነው።

ከበባው ከሚያዝያ 6 እስከ ግንቦት 29 ቀን 1453 ድረስ 53 ቀን ወሰደ። መህመድ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ዑርባን የተባለው የሃንጋሪ መድፍ አንጣሪ መጀመሪያ ለቢዛንታይኑ ንጉሥ አገልግሎቱን ቢያቀርብ ደመወዝ የሚከፍለው አላገኘም፤ ወደ ሱልጣኑ ሄደ። ትልቁ መድፉ በቀን ሰባት ጊዜ ያህል ብቻ ይተኩስ ነበር። ነሐሱ ከተኩስ በኋላ ይግላል፤ በድንገት ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ይጠበቃል። ተከላካዮቹ ደግሞ በዚያው ፋታ፣ ይልቁንም ሌሊት፣ የፈረሰውን በእንጨትና አፈር በሞላ በርሜል ይደፍኑታል። ከተማይቱን 53 ቀን ያቆየው ይህ ነው።

የዚያ ዘመን ቱርክ መድፍ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ሰው በ1464 የተጣለውንና ዛሬ እንግሊዝ አገር የሚገኘውን ያስብ። 17 ቶን ገደማ የሚመዝን የነሐስ መድፍ ሲሆን ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የድንጋይ ጥይት ይጎርሳል። አፈሙዙና ባሩድ የሚቀመጥበት ጀርባው ተለያይተው እንደ ብሎን የሚጠመዘዙ ናቸው። ለጉዞ ይፈቱታል፣ ቦታው ሲደርሱ ይገጥሙታል።

ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ የሆነው ደግሞ ከወሬው ጋር አይገጥምም። ማዶ ጋላታ ያሉት የጄኖዋ ነጋዴዎች በቀናት ውስጥ ነግደው የመኖር መብት በጽሑፍ ተሰጣቸው። ቬኒስም በሚያዝያ 1454 ተዋዋለች፣ ቀረጡም 2 በመቶ ሆነ። 2 በመቶ የሚቀርጥ መንገድ ዘጋ አይባልም። ፖርቱጋሎች በበኩላቸው በሰሜን አፍሪካ ያለችውን ሴውታን የያዙት በ1415 ነው፤ ቁስጥንጥንያ ስትወድቅ በአፍሪካ ዳርቻ ሲወርዱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

ግንቡ ላይ መውጣት በብዙ ቦታ አደገኛ ነው፤ ድንጋዩ ይናዳል። ሲመሽም ከውጭው በኩል ብቻችሁን አትሂዱ።

3ኛ ቀን፣ ዓርብ፦ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት

ዓርብ ቀትር ላይ መስጊዶች ለጸሎት ስለሚያዙ ለቤተ መንግሥቱ የሚመቸው ቀን ይህ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲከፈት በሩ ላይ ሁኑ፤ ሐረሙን፣ የሱልጣኑን ቤተሰብና ሴቶች መኖሪያ፣ አስቀድሙ። ብዙው ሰው ወደ ሀብት ክፍሎቹ ስለሚሮጥ ሐረሙ በመጀመሪያው ሰዓት ጭር ይላል፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ግን ሰልፉ ኮሪደሩን ይሞላዋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ቤት ትልቁ ነገር አልማዙ አይደለም። ሐረሙ መግቢያ ላይ፣ በሰማያዊ ሸክላ የተለበጠ ጠባብ ግቢ አለ። ከግራ በኩል ፎቅና ምድር የተደራረቡ ትንንሽ ክፍሎች ይታያሉ፤ የጥቁር ጃንደረቦች ማደሪያ ናቸው። ልጆች ሆነው ከሐበሻና ከሱዳን ምድር ተሸጠው፣ ተሰልበው፣ ከቁስሉ የተረፉት ናቸው እዚህ የደረሱት። ከእነሱ አንዱ፣ ሐበሺ መህመድ አጋ፣ በ1580ዎቹ የመካና የመዲና ርስት አስተዳዳሪ ሆኖ ከመንግሥቱ ኃያላን አንዱ ለመባል በቃ፤ በ1590 ሞተ። ሌላው የሐበሻ ልጅ ሐጂ በሺር አጋ ከ1717 እስከ 1746 የጃንደረቦች አለቃ ነበር። መስጊዱ፣ መድረሳውና ቤተ መጻሕፍቱ ከቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውጭ፣ ከጉልሃኔ ማቆሚያ በላይ አሁንም ቆመዋል። አስጎብኚዎች እምብዛም አይወስዱበትም፤ በእግር ደቂቃዎች ነው።

ከሐረሙ ስትወጡ ኩቤአልቲ የሚባለውን የምክር ቤት እዩ። ሹማምንቱ ከግድግዳው ተጠግተው በዝቅተኛ መደብ ላይ ይቀመጡ ነበር። ከዋናው ሚኒስትር በላይ የወርቅ ፍርግርግ ያላት መስኮት አለች፤ ሱልጣኑ ከኋላዋ ሆኖ ሳይታይ ይሰማል። ዛሬ አለ ወይስ የለም? ማንም አያውቅም። ክፍሉ በጣም ትንሽ ነው። ከሃንጋሪ እስከ የመን ያለው አገር የሚመራው ከዚህ መሆኑን ለማመን ጥቂት መቆም ይጠይቃል።

ማዕድ ቤቶቹን በጭስ ማውጫዎቻቸው ታውቋቸዋላችሁ። ከ1574 ቃጠሎ በኋላ አርክቴክቱ ሲናን ነው የሠራቸው። ስብስቡ ከ10,000 በላይ የቻይና ሸክላ ዕቃ ያለው ሲሆን የሚታየው ጥቂቱ ነው። አረንጓዴው ዓይነት መርዝ ሲነካው ቀለሙ ይለወጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር በገበታ ተፈላጊ ነበር። ከስብስቡ ገሚሱ በንግድ፣ ገሚሱ በስጦታ፣ ሌላውም በምርኮ የመጣ ነው፤ ቀዳማዊ ሰሊም በ1514 ቻልድራን ላይ የፋርሱን ሻህ እስማኤልን ድል አድርጎ ታብሪዝ ሲገባ ሸክላውንም የእጅ ባለሙያዎቹንም ይዞ ተመለሰ። የሳፋቪድ (የሻህ እስማኤል ሥርወ መንግሥት) ነፍጥ አልባ ፈረሰኛ በሰንሰለት ከተያያዙ መድፎች ጋር የተጋጨበት ቀን ነው። በ1526 ባቡር በሕንድ የሞጎልን መንግሥት ሲመሠርት በፓኒፓት ያሰለፈው ያንኑ የቱርክ አሰላለፍ ነው።

የኦቶማኑን መርከበኛ የፒሪ ረይስን ካርታ እናያለን ብላችሁ ከመጣችሁ አትድከሙ፤ ዘወትር ለዕይታ አይቀርብም። በ1929 በዚህ ቤተ መንግሥት የተገኘው ይህ ካርታ በ1513 በብራና ላይ የተሣለ ነው። ፒሪ ረይስ ራሱ በካርታው ላይ እንደጻፈው 20 ያህል ምንጮችን አቀናብሯል፤ አንዱ የኮሎምበስ ካርታ ነው። ኮሎምበስ ከተሻገረ በ21 ዓመት የኦቶማን መርከበኛ አሜሪካን ሥሎ በ1517 ለሱልጣኑ ግብፅ ላይ አስረክቧል። ስለዚህ ዜናው አልደረሳቸውም ማለት አይቻልም።

4ኛ ቀን፣ ቅዳሜ፦ ገበያና ሱሌይማኒዬ

ኤሚኖኑ ያለው የቅመም ገበያ ምስር ቻርሺሲ ይባላል። ምስር ያሉት ግብፅን ነው፤ የእኛን ወጥ እንዳትፈልጉ። በ1660ዎቹ ሲሠራ ገንዘቡ ከግብፅ ቀረጥ የመጣ ነው። ትምህርት ቤት የተነገረን ተረት የሚፈርሰው እዚህ ነው። ቁንዶ በርበሬ ከሕንድ ማላባር ተነሥቶ በኤደንና በጅዳ፣ በቀይ ባሕር ወደ ካይሮ፣ ከዚያ ወደ እስክንድርያ ይሄድና ቬኒሶች ይረከቡታል። ቁስጥንጥንያ በመንገዱ ላይ የለችም። ያ መንገድ እስከ 1517 ግብፅን ይገዙ በነበሩት በማምሉኮች እጅ ነበር፤ ቫስኮ ዳ ጋማ ካሊከት ሲደርስ ደግሞ 1498 ነው። ኦቶማኖች በሩን ሳይጨብጡት ፖርቱጋሎች በጓሮ ገብተው ነበር ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብዙ ቅመም በቀይ ባሕር ተመልሶ ይጎርፍ ነበር።

ግዢ ላይ አንድ ማታለያ አለ። በርካሽ በክምር የሚሸጠው «የቱርክ ሳፍሮን» የሱፍ አበባ ነው፤ በጾም ከምንፈተፍተው ከዚያው ከሱፍ። ሁለት ሦስት ክር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጣሉ። እውነተኛው ሳፍሮን ቀስ ብሎ ቢጫ ይለቃል፣ ክሩም ቀይ እንደሆነ ይቆያል፤ ሱፉ ወዲያው ይለቅና ይገረጣል። የክሩን ጫፍ ተመልከቱ፦ የሳፍሮኑ እንደ መለከት አፍ ሰፋ ይላል።

ከዚያ በዳገቱ ወደ ሱሌይማኒዬ ውጡ። ነጠላ ይዛችሁ ከሆነ ሻሽ መበደር አያስፈልግም። መስጊዱ ከ1550 እስከ 1557 ተሠራ። ጉልላቱ 53 ሜትር ከፍታ አለው። አራቱ ሚናራዎች ሱሌይማን ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ አራተኛው ሱልጣን መሆኑን፣ አሥሩ ሰገነቶች ደግሞ በዘሩ አሥረኛው መሆኑን ይናገራሉ ይባላል። የሲናን ብልኃት ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሌሊት በሺህ መብራት ሲቃጠል ጥላሸቱ ግድግዳውን እንዳያጠቁር የአየሩን መንገድ ወደ ዋናው በር አናት መራው። እዚያ ባለች ክፍል ጥላሸቱ ይጠራቀምና ለጸሐፊዎች ቀለም ይሆናል። ሳይለፉ ቀለም ማግኘት ይሏል ይህ ነው።

ከመስጊዱ ፊት ለፊት የተደረደሩት ቤቶች ባቄላ መሰል ፋሶልያ በሩዝ ይሸጣሉ፣ ኩሩ ፋሱልዬ ይባላል። ጿሚ ከሆናችሁ ጠይቁ፤ ሥጋ ወይም ቅቤ ሊገባበት ይችላል። በጾም ወቅት የሚያድነው ቃል ዘይቲንያሊ ነው፦ በወይራ ዘይት የተሠራ፣ ቀዝቅዞ የሚቀርብ አትክልት።

5ኛ ቀን፣ እሑድ፦ ቤሺክታሽ

የባሕር ኃይል ሙዚየሙ ውስጥ ቀጥታ ወደ ካድርጋዋ ሂዱ። ዘመኗን የዋጀች እውነተኛ ባለ መቅዘፊያ መርከብ ናት፦ 40 ሜትር ርዝመት፣ 48 መቅዘፊያ፣ ለእያንዳንዱ መቅዘፊያ ሦስት ሰው፣ በድምሩ 144 ቀዛፊ። ጎንዋን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ዝቅ ያለ ነው፣ ከውኃው ብዙም አይነሣም። አሁን ስሌቱን ሥሩ። አንድ ቀዛፊ በቀን 2 ሊትር ቢጠጣ ለቀዛፊ ብቻ 288 ሊትር ያስፈልጋል፣ ወታደሩ ሳይቆጠር። አሥር ቀን ማለት ወደ 3 ቶን ውኃ ነው፣ እንዲህ በቀጠነች መርከብ ላይ። ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ የብስ መንካት አለባት። ደሴት በሞላበት በሜዲትራንያን ይህ ችግር አይደለም፤ ከአጠገቡ የተቀበረው ባርባሮሳ ሐይረዲን በ1538 ፕሬቬዛ ላይ ያሸነፈው በእነዚህ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል ላይ ግን ጎንዋ ከፍ ያለ፣ ሸራ የወጠረና መድፍ በጎኑ የደረደረ የፖርቱጋል መርከብ ይበልጣታል።

ሁለተኛው ችግር እንጨት ነው። ግብፅ ደን የላትም። ስዊዝ ላይ መርከብ ለመሥራት ግንዱ ከአናቶልያ በባሕር እስክንድርያ፣ በዓባይ ካይሮ፣ ከዚያ በግመል ስዊዝ ይደርሳል። በዚያው በ1538 ሐድም ሱሌይማን ፓሻ ከ70 በላይ መርከብ ይዞ ከስዊዝ ወጣ፣ ኤደንን ያዘ፣ ሕንድ ዲዩ ላይ ግን ሳይሳካለት ተመለሰ። ፒሪ ረይስም በ1552 ሆርሙዝን ከቦ ምሽጉን መስበር አቃተው፤ በተከታዩ ዓመት ካይሮ ላይ አንገቱን አጣ።

የእኛ አገር ታሪክ የሚገባውም በዚህ በር ነው። በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ 400 ነፍጠኛ ይዞ ምፅዋ ወረደ። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ) የመን ውስጥ ካለችው ዘቢድ የኦቶማን ሹም 900 ያህል ነፍጠኛና 10 መድፍ አስመጣ፤ ክሪስቶቮ በ1542 ተገደለ፣ ኢማሙም በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ወደቀ። ኦቶማኖች ከዚያ ወዲህ ነው ራሳቸው የመጡት፦ ኦዝደሚር ፓሻ በ1557 ምፅዋን ያዘ፣ ግዛቱም «ሐበሽ» ተባለ። ደጋውን ግን አላገኙትም፤ በ1570ዎቹ መጨረሻ ዐፄ ሠርፀ ድንግል መለሳቸው። የቀራቸው ወደቡና ቀረጡ ነው። እንደገና ኬላ።

6ኛ ቀን፣ ሰኞ፦ ቡርሳ

ወደ ሙዳንያ የሚሄደው ፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሎዶስ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ከተነሣ ጉዞው ይሰረዛል፤ ማታውኑ አጣሩና ካስፈለገ በኦስማንጋዚ ድልድይ በአውቶቡስ ሂዱ።

ኦቶማኖች ቡርሳን በ1326 ያዙ። ትልቁ መስጊድ 20 ጉልላት ሲኖረው መሐል ላይ ካለው ጉልላት ሥር የውኃ ፏፏቴ አለው። ከጎኑ ያለው ኮዛ ሐን በ1491 የተሠራ የሐር ነጋዴዎች ማደሪያ ነው፤ ሻይ ይዞ ግቢው ውስጥ መቀመጥ ብቻ ለመምጣት በቂ ምክንያት ነው። የፋርስ ሐር እዚህ ይመዘናል፣ ይቀረጣል፣ ለጣልያኖች ይሸጣል። በኦቶማኖች ታሪክ እውነተኛ የመንገድ መዝጋት የታየውም እዚህ ነው። ሰሊም ሻህ እስማኤልን በረሃብ ልቅጣ ብሎ የፋርስን ሐር አገደ። የተጎዳው ግን የራሱ ቀረጥና የቡርሳ ሸማኔ ሆነ፤ ልጁ ሱሌይማን በ1520 ሥልጣን ሲይዝ እገዳውን አነሣው።

ሻርብ የምትገዙ ከሆነ ከጠርዙ አንድ ክር አስነቅላችሁ አቃጥሉት። ሐር እንደ ጸጉር ይሸትና በጣት የሚፈርስ አመድ ይሆናል። ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ከሠራ ፕላስቲክ ነው። ሻጩ ክር ለመንቀል እምቢ ካለ መልሱ ያው ነው።

7ኛ ቀን፣ ማክሰኞ፦ ኤዲርኔ

ከኢስታንቡል 240 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል። ሰሊሚዬ መስጊድን ሲናን በ1575 ገደማ ጨረሰው፤ ጉልላቱ ከ31 ሜትር በላይ ስፋት አለው። በቅርብ ዓመታት እድሳት ላይ ስለነበር ከመነሣታችሁ በፊት ውስጡ ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ከጉልላቱ በታች፣ ጸሎት የሚያስተጋቡት ሰዎች ከሚቆሙበት መድረክ ዓምዶች በአንዱ ላይ፣ የተገለበጠች ትንሽ ቱሊፕ ተቀርጻለች። ልጆች ቀድመው ያገኟታል።

ከከተማው ወጣ ብሎ በ1488 የተጠናቀቀው የሁለተኛው ባየዚድ ሆስፒታል አለ። የአእምሮ ሕሙማን በሙዚቃና በውኃ ድምፅ የሚታከሙበት ነበር። ስድስት ክፍል ባለው አዳራሽ መሐል ያለው ፏፏቴ ድምፁ እኩል ወደ ሁሉም ክፍል እንዲደርስ ሆኖ ተሠርቷል። ምሳ የከተማው ጥብስ ጉበት ነው፣ ስስ ተደርጎ ተቆርጦ በዘይት የተጠበሰ፤ የሚቀርብላችሁን የደረቀ ቃሪያ ግን ለምደነዋል ብላችሁ አትናቁት።

የዑርባን መድፍ የተጣለው እዚህ ነው። 60 በሬ እየሳበው፣ ድልድይና መንገድ የሚጠርጉ ሰዎች እየቀደሙት፣ ኢስታንቡል ለመድረስ ወደ ሁለት ወር ፈጀበት። ለመመለሻ አውቶቡስ የቀኝ መስኮት ምረጡ፤ ከሲሊቭሪ አካባቢ ጀምሮ ባሕሩ በዚያ በኩል ይታያል።